ሞተሩ ይጮኻል፣ ጀልባዋ ግን አትሄድም፦ ፕሮፔለር አየር ሲስብ ምን ይደረጋል?

ነዳጅ ሲሰጡት ሞተሩ በድንገት ይጮኻል። ከኋላ ነጭ አረፋ ይፈላል፤ ጀልባዋ ግን ባለችበት ናት። ነዳጅ ሲቀንሱለት ድምፁ ይወርዳል፣ ፕሮፔለሩ ውኃውን መልሶ ይይዛል፣ ጉዞው ይቀጥላል። ትንሽ ቆይቶ፣ ሲታጠፉ ወይም ማዕበል ሲያነሳት፣ ያው ይደገማል። በጣና፣ በሐዋሳ ወይም በጫሞ ሐይቅ ላይ በአሮጌ አውትቦርድ ሞተር የሚሠራ ሰው ይህን ድምፅ አይስተውም።

ይህ የሚሆነው ፕሮፔለሩ አየር ሲስብ ነው። ውኃ ከአየር 800 ጊዜ ያህል ይከብዳል። በክንፎቹ ዙሪያ የነበረው ውኃ በአየር ሲተካ ሞተሩ የሚገፋው ነገር ያጣና ዙሩ ሽቅብ ይሮጣል። አሮጌ ባለሁለት ምት ሞተር እንዲህ ጭነት ሳይኖረው ከገደቡ በላይ ደጋግሞ ከዞረ ፒስተኑና የፒስተኑ ዘንግ ይጎዳሉ። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ሰው ጭኖ በንፋስ መካከል ግፊት ማጣት ነው። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ሲነሣ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር የተመለሰ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል።

ብዙ ባለጀልባ ይህ ሲገጥመው ወዲያው ፕሮፔለር ይቀይራል። እኔ የምለው፣ ፕሮፔለር ከመግዛትዎ በፊት ሜትር ይያዙ። አየሩ የሚገባባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው፦ ከውኃው ወለል በላይ በኩል፣ በጀልባዋ ሆድ ሥር በኩል፣ ወይም ከራሱ ከሞተሩ ጭስ። የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ የተገዛ ፕሮፔለር ያንኑ አየር ይስባል። ቅደም ተከተሉ ገንዘብ ከማያስወጣው ጀምሮ ነው።

ከመንካትዎ በፊት

ሞተሩን ያጥፉ፣ ማርሹን ነጻ ያድርጉ፣ የካንዴላዎቹን ገመዶች ይንቀሉ። ፕሮፔለሩን በእጅ ሲያዞሩ ክራንኩም አብሮ ሊዞር ይችላል፤ ቤንዚን የቀረበት ትኩስ ሞተር ደግሞ በዚያች ዙር ብቻ ሊነሣ ይችላል። ይህን ሳያደርጉ ማንም ሰው ጣቱን ወደ ክንፎቹ አያስጠጋ። በውኃ ላይ ሲሞክሩም የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ይልበሱ፤ የሞተሩን ማጥፊያ ገመድ ከእጅዎ ወይም ከጃኬትዎ ጋር ይሰሩት።

ደረጃ 1፦ በእርግጥ አየር ነው?

ሦስት የተለያዩ ችግሮች ይመሳሰላሉ። አየር የሚስብ ፕሮፔለር ዙሩ በድንገት ከፍ ይላል፤ ነዳጅ ሲቀንሱለት ግን ወዲያው ይመለሳል። ከኋላ የሚታየው አረፋም ከወትሮው የበዛ ነው።

ሁለተኛው የፕሮፔለሩ ጎማ መንሸራተት ነው። በብዙዎቹ ሞተሮች ላይ ክንፎቹን የያዘው የውጭው አካልና ዘንጉ ላይ የሚገባው የውስጥ ቱቦ በጎማ የተያያዙ ናቸው። ፕሮፔለሩ ድንጋይ ሲመታ ጎማው ተንሸራቶ ማርሹን ከስብራት ያድናል፤ ሲያረጅ ግን በየጊዜው መንሸራተት ይጀምራል። የዚህ ምልክቱ፣ ቀስ ብለው ሲሄዱ ደኅና ሆኖ ነዳጅ ሲጨምሩ ዙሩ ብቻ መጨመሩ ነው፤ ቀጥ ብለው በተረጋጋ ውኃ ላይ ሲሄዱም ያው ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ፕሮፔለሩን አውጥተው ከጀርባው በኩል ከውስጡ ቱቦ ጀምሮ ጎማውን አቋርጦ እስከ ውጭው አካል የሚደርስ አንድ ቀጭን መስመር በጥፍር ቀለም ያስምሩ። ሲደርቅ ይግጠሙት፤ ጭነት ይዘው ሙሉ ነዳጅ ሰጥተው ይመለሱ። ሲፈቱት መስመሩ ተቆርጦ ሁለቱ ጫፎች ከተራራቁ ጎማው ተንሸራቷል ማለት ነው፤ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ትተው ጎማውን ወይም ፕሮፔለሩን ይቀይሩ። መስመሩ እንደነበረ ከሆነ ፍለጋው ይቀጥላል።

ሦስተኛው የጉልበት ማነስ ነው፤ በእኛ ሐይቆች ላይ ይህ ብዙ ሰው ያሳስታል። ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል፤ ስለዚህ 40 የፈረስ ጉልበት የተባለው ሞተር ባሕር ዳር ላይ የሚሰጠው ከ33 ብዙም አይበልጥም። ይህ ግን ከአየር መሳብ ጋር ተቃራኒ ምልክት አለው፦ ዙሩ አይጨምርም፣ ይልቁንም ሙሉ ነዳጅ ተሰጥቶት እንኳ የሚገባው ላይ አይደርስም። መፍትሔው ፒቹ (ትርጉሙ ደረጃ 8 ላይ አለ) አነስ ያለ ፕሮፔለርና የካርቡራተር ማስተካከያ ነው። ጆሮ ለዚህ በቂ ዳኛ ነው፤ የሚጮኸውንና የሚያቃስተውን ሞተር ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም።

ስለ ሌላ ተመሳሳይ ክስተት አንድ ነገር ልበል። ክንፉ በጣም ሲፈጥን በፊቱ ያለው ግፊት ወርዶ ውኃው ራሱ ሳይሞቅ ወደ እንፋሎት የሚቀየርበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ1894 ተርቢኒያ የተባለችውን የእንፋሎት ተርባይን ጀልባ የሠራው ቻርልስ ፓርሰንስ መጀመሪያ እንደጠበቀው ያልፈጠነችለት በዚህ ምክንያት ነበር፤ በኋላ በሦስት ዘንጎች ላይ ዘጠኝ ፕሮፔለሮች አድርጎ ፈታው። ይህ ክስተት በክንፉ ላይ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ጉድጓድ ይተዋል። አየር መሳብ ብቻውን እንዲህ ያለ ቁስል አያወጣም። ክንፉ ላይ እንዲህ ያለ ቁስል ካዩ ከፊቱ ያለውን ጠርዝ ይመርምሩ፤ ጠርዙ የተጎዳ ወይም የተጣመመ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 2፦ አረምና ክር

እምቦጭ እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ላይ ከታየ ወዲህ ይህ ፍተሻ የየዕለቱ ሆኗል። ሥሩ በማርሽ ቤቱ ዙሪያ ሲጠመጠም ወደ ፕሮፔለሩ የሚመጣውን ውኃ ይበጥሰዋል። ያጽዱና ይሞክሩ። ፕሮፔለሩን ከነቀሉ አይቀር ከኋላው ዘንጉ ላይ የተጠመጠመ ስስ የፕላስቲክ መረብ ክር መኖር አለመኖሩን ይዩ። ክሩ አየር አያስገባም፤ የማርሽ ቤቱን ዘይት የሚያግደውን ፓራኦሊዮ ግን ይቆርጠዋል፣ ወደዚያ በመጨረሻ እንመለሳለን።

ደረጃ 3፦ የሞተሩ ከፍታ

አብዛኛው ችግር የሚፈታው እዚህ ነው፤ ስለዚህ አይቸኩሉ።

ከፕሮፔለሩ በላይ ጠፍጣፋ ሆኖ ወደ ኋላ የተዘረጋ ብረት አለ፤ እዚህ የአየር ክዳን እንበለው። ሥራው ፕሮፔለሩ ከውኃው ወለል ላይ አየር ጎትቶ እንዳያወርድ መከልከል ነው። ይህን ማድረግ የሚችለው ግን ጀልባዋ ስትሄድ ውኃ ውስጥ ወይም ልክ በውኃው ወለል ላይ ከሆነ ብቻ ነው።

ጀልባዋን ወደ ዳር አውጥተው ደልዳላ ቦታ ላይ ያስቀምጧት። ሞተሩን ሙሉ በሙሉ አውርደው ቀጥ ያድርጉት። ግንበኞች የሚጠቀሙበትን ስታጃ ወይም ቀጥ ያለ ሞራሌ ከጀልባዋ ሆድ ሥር፣ መሐል ላይ አስጠግተው ወደ ኋላ እስከ ሞተሩ ድረስ ይዘርጉት። የአየር ክዳኑ ከስታጃው ጋር እኩል ወይም እስከ 2.5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያለ መሆን አለበት። ከስታጃው በላይ 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ካገኙት ሌላ ምክንያት ከመፈለግዎ በፊት እሱን ያስተካክሉ።

ይህ ስሕተት በአገራችን የሚበዛበት ምክንያት አለ። አውትቦርድ ሞተሮች በእግራቸው ርዝመት ይለያያሉ፤ የተለመዱት 38፣ 51 እና 64 ሴንቲ ሜትር ገደማ ለሆነ የኋላ ሰሌዳ የሚስማሙ ናቸው። በአገር ውስጥ በላሜራ የተበየደች ጀልባ ደግሞ የኋላ ሰሌዳዋ ቁመት የሚወሰነው በብየዳ ባለሙያው ነው። ሁለተኛ እጅ ሞተር ይገዛል፣ ይሰቀላል፣ አጭር እግር ረጅም ሰሌዳ ላይ ይውላል። ለማወቅ ሁለት ነገር ይለኩ፦ የሰሌዳውን ቁመት ከላይኛው ጫፍ መሐል ላይ እስከ ሆዷ፣ የሞተሩን ደግሞ ሰሌዳው ላይ ከሚቀመጥበት የመያዣው ውስጠኛ ጫፍ እስከ አየር ክዳኑ። ሁለቱ ቁጥሮች መቀራረብ አለባቸው።

ልዩነቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከሆነ ቡሎኖቹን ፈትተው ሞተሩን ወደሚቀጥለው ቀዳዳ ያውርዱት። አንዳንዴ ሰሌዳው ላይ የተደረበ እንጨት ይገኛል፤ እሱን ማንሣት ብቻ ይበቃል። ልዩነቱ 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ አጭሩን እግር ለረጅሙ ሰሌዳ ገዝተዋል ማለት ነው። መፍትሔው ለዚያ ሞዴል የተሠራ የእግር ማራዘሚያ መግጠም ወይም ረጅም እግር ያለው ሞተር መቀየር ነው። ሰሌዳውን በግራይንደር ቆርጦ ዝቅ ማድረግ ርካሽ ይመስላል፤ እኔ ግን አጥብቄ እቃወመዋለሁ። ጀልባዋ በድንገት ስትቆም ከኋላ የሚመጣው ማዕበል የሚገባው በዚያች በተቆረጠች ቦታ ነው። የግድ መቁረጥ ካስፈለገ ከፊት ለፊቱ የገባውን ውኃ ይዞ ወደ ውጭ የሚያፈስስ የተዘጋ ገንዳ ከነግድግዳው መበየድ አለበት።

ሞተሩን ከሚገባው በላይ ማውረድም ዋጋ አለው፤ እግሩ ውኃ ይጎትታል፣ መሪው ይከብዳል፣ ነዳጅ ይበላል። ስለዚህ 2 ሴንቲ ሜትር አውርዶ መሞከር፣ ካልበቃ እንደገና ማውረድ ይሻላል። ሲጨርሱ ሞተሩ በማጥበቂያ እጀታዎቹ ብቻ ተይዞ አይቅር። በንዝረት ይላላና ሞተሩ ቀስ በቀስ ሽቅብ ይወጣል፣ አንዳንዱም ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ሰሌዳውን አልፎ የሚሄድ ቡሎን፣ ሰፊ ሮንዴላና የማይላላ ዳዶ ያስገቡ።

ደረጃ 4፦ የሞተሩ ዘንበል ማለት

በአሮጌ ሞተር መያዣ ላይ ተርታ ቀዳዳዎችና አንድ ፒን አሉ። ፒኑ ወደ ውጭ በራቀ ቁጥር የሞተሩ እግር ከጀልባዋ ይርቃል፣ ፕሮፔለሩም ወደ ውኃው ወለል ይቀርባል። ሲነሡና ሲታጠፉ ብቻ የሚጮኽ ሞተር ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ፒኑን አንድ ቀዳዳ ወደ ጀልባዋ ማስጠጋት ነው። ትክክለኛው ቦታ ጀልባዋ በተለመደው ጭነትና ፍጥነት ስትሄድ የአየር ክዳኑ ከሆዷ ጋር ትይዩ የሚሆንበት ነው።

ወደ ኋላ ሲሄዱ ሞተሩ ተነሥቶ የሚጮኽ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። እግሩን በኋላ ማርሽ ጊዜ ይዞ የሚያስቀር መንጠቆ አለ፤ ጫፉ ሲበላ ወይም ሞላው ሲደክም አይዝም። ይህ ወደብ ላይ አደጋ ነው፤ ፍሬን አድርገው የቆጠሩት የኋላ ማርሽ ከድቶዎት ጀልባዋ ዳሩን ትመታለች።

ደረጃ 5፦ ከፕሮፔለሩ ፊት ምን አለ?

ጀልባዋ ተገልብጣ ወይም ከፍ ብላ ሳለች ከሆዷ መሐል እስከ ኋላ ሰሌዳው ድረስ በእጅዎ ይዳስሱ። የላሜራ ጀልባዎች ሆዳቸው መሐል ላይ ለጥንካሬ አንግል ብረት ወይም ቱቦ ይበየድባቸዋል። ያ ብረት ቀጥ ብሎ እስከ ሰሌዳው ድረስ ከመጣ ውኃውን ለሁለት ይከፍለውና በስተኋላው ያለው ባዶ ቦታ በአየር ይሞላል፤ ፕሮፔለሩ ደግሞ በዚያ መሥመር ላይ ነው። መፍትሔው የብረቱን የመጨረሻ ግማሽ ሜትር ያህል እያሳነሱ ወደ ዜሮ ማውረድና ብየዳውን ማለስለስ ነው። የዓሣ መፈለጊያ መሣሪያ ሴንሰር፣ ሻካራ የብየዳ ጠባሳ፣ የተነቀለ ቀለም፣ ወደ ውስጥ የጎበጠ ላሜራም ይህንኑ ያደርጋሉ። ሴንሰሩን ወደ ጎን ያርቁት።

ደረጃ 6፦ አሁን ፕሮፔለሩን ይመልከቱ

ኮፒሊያውን አውጥተው ዳዶውን ይፍቱ፤ የሮንዴላዎቹን ቅደም ተከተል በስልክዎ ፎቶ ያንሡ።

መጀመሪያ የክንፎቹ ጠርዝ። የተቆረሰ ወይም የታጠፈ ክንፍ አየር ይስባል፣ ንዝረቱም የማርሽ ቤቱን ይጎዳል። ቀጥሎ ብዙ ሰው የማያየው ነገር አለ። በብዙ ፕሮፔለሮች ላይ የክንፉ የኋላ ጠርዝ በትንሹ ወደ ውስጥ የተጠቀለለ ነው፤ ጣትዎን ቢያሳልፉበት እንደ ማንኪያ ከንፈር ይሰማዎታል። ይህ ጥቅልል ውኃውን ይዞ እንዳይበተን ያደርጋል። ጋራዥ ውስጥ የተጎዳ ክንፍ በሞረድ ሲስተካከል ግን መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው። ጠርዙ ያምራል፣ ይበራል፣ ሐይቅ ላይ ግን ይጮኻል። ፕሮፔለርዎን ለጥገና ሲሰጡ ይህን ጥቅልል እንዲመልሱልዎ አስቀድመው ይናገሩ፤ ሦስቱ ክንፎች ቅርጻቸው እኩል እንዲሆንም ይጠይቁ።

ሦስተኛው የጭሱ ጉዳይ ነው። በአብዛኞቹ ሞተሮች ጭሱ የሚወጣው በፕሮፔለሩ መሐል ነው። የፕሮፔለሩ የኋላ አፍ ሰፋ ብሎ የተከፈተ ቀለበት አለው፤ ጭሱ ወደ ኋላ እንዲሄድና ወደ ክንፎቹ እንዳይመለስ ያደርጋል። ይህ ቀለበት ከተሰበረ ወይም ከተበላ ፕሮፔለሩ የሞተሩን ጭስ ራሱ ይስባል። የፊተኛውም አፍ ከማርሽ ቤቱ ጋር ተጠጋግቶ መግጠም አለበት፤ ከሌላ ሞተር የመጣ ፕሮፔለር ዘንጉ ላይ ቢገባም በዚህ በኩል ሰፊ ክፍተት ሊተው ይችላል። የማርሽ ቤቱንም ግድግዳ ይዩ፤ በዝገት የተበሳ ከሆነ ጭሱ ከፕሮፔለሩ ፊት ይወጣል። ድንጋይ መትቶት ጥጉ የተሰበረ የአየር ክዳንም አይናቅ። በአርጎን አልሙኒየም መበየድ የሚችል ባለሙያ ይመልሰዋል። ክዳኑ ላይ የሚታሰር ሰፊ የፕላስቲክ ክንፍ ገበያ ላይ አለ፤ ጥቂት ይረዳል፣ ነገር ግን በትክክል ያልተሰቀለን ሞተር አያቃናም።

ደረጃ 7፦ ጭነቱ

መንገደኞች ፎቶ ለማንሣት ወደ አፍንጫዋ ሲሰበሰቡ ኋላዋ ይነሣል፣ ፕሮፔለሩም አብሮ። ነዳጅ ጀሪካኑን፣ መልሕቁንና ከባድ ዕቃውን ወደ ኋላ፣ ሰዎችን ከመሐል ወደ ኋላ ያድርጉ። ማዕበል ላይ ደግሞ መፍትሔው በእጅዎ ነው፦ አፍንጫዋ ወደ ታች ስትገባ ነዳጁን ይቀንሱ፣ ስትወጣ ይጨምሩ። በሞተር ጩኸት ላይ ነዳጅ ጨምሮ ያተረፈ የለም።

ደረጃ 8፦ መሞከርና መቁጠር

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ፤ ከፍታውንም ዘንበሉንም በአንድ ቀን ከነካኩ የትኛው እንደረዳ አያውቁም። በስልክዎ ጂፒኤስ ፍጥነትን ይለኩ፤ ንፋሱ እንዳያታልልዎ ያንኑ መስመር ሄደው ይመለሱና አማካዩን ይውሰዱ። አሮጌው ሞተር ዙር መቁጠሪያ ከሌለው በካንዴላ ገመድ ላይ የሚጠመጠም ትንሽ ቆጣሪ ይበቃል።

ፕሮፔለሩ ላይ ሁለት ቁጥሮች ተመትተዋል፤ ሁለተኛው ብዙውን ጊዜ ፒቹ ነው፣ ማለትም በጠጣር ነገር ውስጥ ቢዞር ኖሮ በአንድ ዙር ወደፊት የሚሄደው ርቀት በኢንች። የሞተሩን ዙር ለማርሹ ጥምርታ ያካፍሉ፣ በፒቹ ያባዙ፣ ከዚያ በ0.001524 ያባዙ፤ መሄድ የሚገባውን ኪሎ ሜትር በሰዓት ያገኛሉ። ለምሳሌ 4,800 ዙር፣ ጥምርታው 2፣ ፒቹ 11 ከሆነ 40 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ጂፒኤሱ 32 ካሳየ 20 በመቶው በመንሸራተት ጠፍቷል። ቀላል ጀልባ በሙሉ ፍጥነት ከ10 እስከ 20 በመቶ ማጣቷ ጤናማ ነው፤ ሰው የሞላች ከባድ ጀልባ ከዚያ በጣም ትበልጣለች። ዋናው የራስዎን ጀልባ ቁጥር ከማስተካከያው በፊትና በኋላ ማወዳደር ነው።

አየሩ ከጠፋ በኋላ ዙሩ ከአምራቹ ወሰን ውጭ ከሆነ፣ በብዙ ባለሁለት ምት ሞተሮች ይህ ከ4,500 እስከ 5,500 ነው፣ ፕሮፔለር የሚመረጠው አሁን ነው። ፒች በአንድ ኢንች ሲቀንስ ዙሩ ከ150 እስከ 200 ይጨምራል።

ከሙከራው ሲመለሱ ሁለት ነገር ይዩ። የማቀዝቀዣው ውኃ ከሞተሩ ጎን ሳይቆራረጥ መውጣቱን፤ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ሞተር ፓምፑንም አየር ሲያጠጣው ቆይቷልና የፓምፑ ጎማ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው የማርሽ ቤቱ ዘይት ነው። የታችኛውን ቡሎን ጥቂት ላላ አድርገው ጠብታ ያውጡ፤ እንደ ወተት ከነጣ ውኃ ገብቷል ማለት ነው፣ የመረቡ ክር ፓራኦሊዮውን ቆርጦት ሊሆን ይችላል፤ ፓራኦሊዮው ተቀይሮ አዲስ ዘይት እስኪሞላ ድረስ ጀልባዋ መንገደኛ አትጫን።